«በእኔ ፈረቃ አልነበረም»

ውድ አማካሪ፦

እናቴ 81 ዓመቷ ነው። አልዛይመር እንዳለባት ከታወቀ አምስት ዓመት አለፈው። ቤት ውስጥ ማስታመሙ ከአቅማችን በላይ ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በፊት ከወንድሜ ጋር ተማክረን የአረጋውያን መንከባከቢያ አስገባናት። ያን ቀን ትተናት ስንወጣ የያዘኝ ሲቃ እስከ ዛሬ ከጉሮሮዬ አልወረደም።

ባለፉት ሁለት ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ ገላዋ ላይ ጉዳት አየሁ። መጀመሪያ ቅልጥሟ በልዞ ነበር። ቀጥሎ የአይበሉባዋ ቆዳ ተልጦ በፋሻ ታስሮ አገኘሁት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሹራቧን ላወልቅላት ክንዷን ሳነሳው ሽምቅቅ አለች። ገልጬ ሳየው ከክርኗ በላይ፣ በውስጥ በኩል፣ አራት ክብ ክብ የበለዙ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል።

ተረኛዋን ብጠይቃት «በእኔ ፈረቃ አልነበረም» አለችኝ። የማታው ተረኛም እንደዚያው። ነርሷ «ቆዳዋ ስስ ነው፣ ራሷ ተጋጭታ ይሆናል» አለች። እናቴን ራሷን ስጠይቃት አንዴ «ያ ሰውዬ ነው» ትላለች፣ አንዴ «ከዛፍ ወድቄ ነው» ትላለች። ዛፍ ከወጣች ሰባ ዓመት ሆኗታል። ወንድሜ «ከጮኽሽ ቂማቸውን የሚወጡት እሷ ላይ ነው፣ ተይው» ይለኛል። ከሰዓት በኋላ የምትገባ አንዲት ተንከባካቢ አለች፤ እማዬን እንደ ወላጅ እናቷ ነው የምትይዛት። ነገሩን ባነሳ መዘዙ እሷ ላይ እንዳይወድቅ እፈራለሁ። ዝም ልበል? ላውጣት? ወይስ አብጃለሁ?

እንቅልፍ ያጣሁት ልጅ

*

እህቴ፣ አላበድሽም። የእናቱ ክንድ ላይ አራት ነጠብጣብ ተሰልፎ ያየ ልጅ እንቅልፍ ቢያጣ ማን ይፈርድበታል? ለሌሎቹ ሁለት ጥያቄዎችሽም አጭር መልስ አለኝ፦ ነገ ተነስተሽ አታውጫቸው፣ ዝምም አትበይ። ከሁለቱም የሚቀድም ነገር ግን አለ። ክንዳቸውን ሐኪም አይቶታል? ደብዳቤሽ ውስጥ ነርሷ ያለችው አለ፣ ሐኪም ያለው ግን የለም። ሹራብ ሲወልቅ መሸማቀቅ የቆዳ ሕመም ብቻ ላይሆን ይችላል። አጥንቱ የሳሳ አረጋዊ ክንዱ ወይም ትከሻው ላይ በትንሽ መጎተት ስብራት ሊደርስበት ይችላል፤ የመርሳት ሕመም ሲኖር ደግሞ «እዚህ ጋ አመመኝ» ብሎ የሚናገር የለም። ስለዚህ ይህን መልስ አንብበሽ ሳትጨርሺ ስልክ ለመደወል ብትነሺ ቅር አይለኝም።

ነርሷ የተናገረችው ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሽ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ቆዳ ይሳሳል፣ ከሥሩ ያለው ስብ ይቀንሳል፣ ጥቃቅን የደም ሥሮችም በቀላሉ ይፈነዳሉ። ደም ማቅጠኛ፣ አስፒሪን ወይም ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ ከተጨመረበት፣ እኔና አንቺ ልብ የማንለው ግጭት እነሱ ላይ መዳፍ የሚያህል ጥቁረት ጥሎ ያልፋል። የቅልጥማቸው ከተሽከርካሪ ወንበሩ የእግር መርገጫ ጋር ተጋጭቶ፣ የአይበሉባቸው ደግሞ በአልጋው ብረት ወይም ባለበሳቸው ሰው ቀለበት ተልጦ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁለቱ ብዙ ቦታ የሚያጋጥሙ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ 101 ሰዎችን ገላ በየዕለቱ እየተመለከተ፣ በአጋጣሚ የሚመጣ ብለዛ የት የት እንደሚወጣ መዝግቦ ነበር። ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ እጅና እግር ላይ ነበር። አንገት፣ ጆሮ፣ መቀመጫና ውስጥ እግር ላይ አንድም አልተገኘም። ይኸው ጥናት ያሳየው ሌላም ጉዳይ ለአንቺ ይጠቅምሻል፤ የብለዛ ቀለም ዕድሜውን አይናገርም። አንዳንዱ ገና በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ሆኖ ታይቷል። ስለዚህ «ቢጫ ከሆነማ የቆየ ነው፣ እኛ አናውቀውም» ቢሉሽ አትቀበዪ። አንቺም ቀለሙን ብቻ አይተሽ የማክሰኞዋን ተረኛ አትክሰሺ።

ሦስተኛው ጉዳት ግን ለየት ይላል። በክንድ ውስጠኛ በኩል የተሰለፈ አራት ነጠብጣብ የጣት ምልክት ይመስላል። ክንዳቸውን ቀስ ብለሽ ዞር አድርገሽ በውጭ በኩል ብታዪው አምስተኛው፣ የአውራ ጣቱ፣ ሳይኖር አይቀርም። አንድ ሰው ክንዳቸውን አጥብቆ ጨብጦ ነበር ብዬ ለመናገር እደፍራለሁ። ለምን እንደጨበጠ ግን ነጠብጣቡ አይነግረንም። ሊወድቁ ሲሉ ደርሶ ይዟቸው ይሆናል። ሁለት ሰው ሊያነሳቸው ሲገባ አንዱ ብቻውን ከአልጋ ስቧቸው ይሆናል። አብረዋቸው ከሚኖሩት አንዱ፣ እሱም እንደ እሳቸው ነገር የተምታታበት፣ «ወንበሬን ልቀቂ» ብሎ ጎትቷቸው ይሆናል። በንዴትም ይሆናል። አራቱም የሚተዉት ምልክት ያው ነው፣ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል።

እዚህ ጋ የራሴን ላውራሽ። አባቴን በመጨረሻ ዓመታቱ እያስታመምኩ ሳለ አንድ ሌሊት መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተንገዳገደ። ክንዱን አፈፍ አድርጌ ያዝኩት፤ አልወደቀም። በማግስቱ ጣቶቼ ክንዱ ላይ ታትመው አየኋቸው። እህቴ መጥታ «ይሄ ምንድነው?» ስትለኝ ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ? «እኔ እንጃ፣ ሲነሳ እንዲሁ ነበር።» ልጁ ነኝ። የምባረርበት ሥራ የለኝም። ያደረግኩትም ቢሆን ከመውደቅ ማትረፍ ነው። ግን ዓይኗ ውስጥ ያለው ጥያቄ አስፈራኝ። ሁለት ቀን ዋሸኋት። በነዚያ ሁለት ቀናት አባቴ እንደገና ተንገዳገደ፤ መንገዳገዱን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ስላልነበረ አዲስ የታዘዘለትን የእንቅልፍ ኪኒን የጠረጠረ ሰው አልነበረም።

«በእኔ ፈረቃ አልነበረም» ስትባዪ ይህን አስቢልኝ። እውነት ሊሆን ይችላል፣ ውሸትም ሊሆን ይችላል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ፍርሃት ነው። «ማን ነው ይህን ያደረገው?» ብለሽ ስትጠይቂ ሁሉም ሰው ራሱን መከላከል ይጀምራል። «መጀመሪያ የታየው መቼ ነው? ከዚያ በፊት ክንዷን ደህና ሆኖ ያየ የመጨረሻው ሰው ማን ነው? በመሃል እነማን አነሷት፣ አጠቧት፣ አለበሷት?» ካልሽ ግን እያንዳንዱ የሚያውቀውን ይናገራል። ሰኞ ጠዋት ሲታጠቡ ክንዳቸው ንጹሕ ከነበረ፣ ማክሰኞ ማታ የሌሊት ልብስ ሲለብሱ ነጠብጣቡ ከታየ፣ ፍለጋው ከሁለት ወር ወደ አንድ ቀን ተኩል ጠበበ ማለት ነው። በዚያ አንድ ቀን ተኩል ውስጥ የነበሩት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ «ማን» የሚለውም ያኔ ራሱን ችሎ ይመጣል።

ለዚህ አንድ ደብተር ይበቃሻል። የሰው ቅርጽ ከፊትና ከኋላ ንደፊ፣ እንደ ሕፃን ሥዕል ቢሆንም ግድ የለም፣ ሦስቱንም ጉዳቶች በቦታቸው አመልክቺ፤ ከጎናቸው ያየሽበትን ቀንና ሰዓት፣ ምን ያህል እንደሚሰፉ፣ የጠየቅሽው ሰው የመለሰልሽን ቃል በቃል ጻፊ። ፎቶ ስታነሺ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጊ፣ መጠኑ በኋላ አከራካሪ እንዳይሆን። ባይገባቸውም እናትሽን «ላንሳው?» ብለሽ ጠይቂያቸው፤ የማንም ሰው ገላ ሳይጠየቅ ፎቶ አይነሳም። ከዚያ ደብተሩ ራሱ መናገር ይጀምራል። ሁሉም ገላ ከሚታጠቡበት ቀን ቀጥሎ የታየ ይሆናል። ወይም ቅዳሜና እሁድ፣ ሠራተኛ በሚያንስበት። ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፤ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች በዚያ ሰዓት ይረበሻሉ፣ «ቤቴ ልሂድ» ብለው ይነሳሉ፣ የሚያግዛቸውንም ሰው ይገፈትራሉ።

የእናትሽን ቃልም እዚያው አስፍሪው። «ያ ሰውዬ» ያሉትን ሕመሙ ነው ብለሽ አትጣዪው፣ እንደ ምስክር ቃል ወስደሽም ወንድ ሠራተኛ ሁሉ ላይ አትዝመቺ። መቼ እንዳሉት፣ ሲሉት ማን በአጠገባቸው እንደነበረ ጻፊ፤ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰዓት ከደገሙት ክብደቱ ይጨምራል። ዛፉንም ቢሆን አልንቀውም። ዛፍ ባይኖር እንኳ መውደቅ ሊኖር ይችላል፤ ሰው ሳያይ ወድቀው፣ አንድ ሰው ክንዳቸውን ይዞ አንስቷቸው ቢሆንስ? ደጋግመሽ አትጠይቂያቸው እንጂ። ጥያቄ ሲበዛባቸው አንቺን ለማስደሰት ሲሉ የሰጠሻቸውን መልስ ይመልሱልሻል። ረጋ ባሉበት ሰዓት አጠገባቸው ተቀምጠሽ፣ እጃቸውን ይዘሽ «እዚህ ጋ ያምሻል?» በያቸው፤ ከአፋቸው ይልቅ ፊታቸውን ተመልከቺ። ሐኪሞችም ራሳቸውን መግለጽ ለማይችሉ ሕሙማን የሚጠቀሙበት «ፔይናድ» የሚባል የሕመም መለኪያ አላቸው። አተነፋፈስን፣ ማቃሰትን፣ ፊትን፣ የሰውነት አኳኋንን፣ ሲያባብሏቸው መረጋጋት አለመረጋጋታቸውን አይቶ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጣል። በዚህ ይለኩላቸው ብለሽ ጠይቂ። አንድ የተወሰነ ሰው ክፍሉ ሲገባ ይሸማቀቃሉ? መብል ቀንሰዋል? የማይፈሩትን መታጠብ ፈርተዋል? ይህን ከአንቺ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ከዚህ በኋላ ስብሰባ ጠይቂ፣ በጽሑፍ። የእንክብካቤ ዕቅዳቸውን አብረን እንይ በያቸው፤ ወንድምሽንም ይዘሽው ሂጂ፣ የሚፈራ ሰው ከሩቅ ሲያስብ ነው የሚብሰው። ኮሪደር ላይ ቆመሽ ተረኛዋን ከመጠየቅ ይህ በብዙ ይሻላል። መጠየቅ ያለብሽ ቀላል ቀላል ነገር ነው። እናቴን ከአልጋ የሚያነሷት ስንት ሰው ሆነው ነው፣ ዕቅዱስ ስንት ይላል? ወገብ ላይ የሚታሰር የማንሻ ቀበቶ ይጠቀማሉ ወይስ በብብቷና በክንዷ ነው የሚስቧት? አሳዪኝ ብትዪ ነውር የለውም፤ አንድ ጊዜ ቆመሽ ማየት አሥር ማብራሪያ ያስቀራል። ሌሊት መጸዳጃ የሚወስዷት በየስንት ሰዓቱ ነው? ብዙ የሌሊት መውደቅ ሽንት ከመቻኮል ይመጣል። መድኃኒቶቿን ሐኪም እንደገና አይቷቸዋል? በተለይ የእንቅልፉንና የማረጋጊያውን። በድንገት መረበሽ ከጀመረች ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት ወይም ያልታከመ ሕመም መፈለግ አለበት፤ ከሚያለብሳት ሰው ጋር መታገሏ ጠባይ ሳይሆን ሕመም ሊሆን ይችላል።

አንድ ጥያቄ ግን አትጠይቂ፤ «አልጋዋ ላይ የጎን ብረት አድርጉላት»። ብዙ ቤተሰብ በቅንነት ይለምነዋል። ግራ የገባው ሰው በብረቱ ላይ ዘሎ ሊወርድ ሲሞክር ከፍ ካለ ቦታ ነው የሚወድቀው፣ እጅና እግሩም ብረቱ መሃል ሊቀረቀር ይችላል። አልጋውን ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ለቆዳው ደግሞ ረጅም እጅጌ፣ በለስላሳ ነገር የተሸፈነ የእግር መርገጫ፣ የተከረከመ ጥፍር (የእሳቸውም፣ የሚያነሷቸውም) እና ቅባት። ቅባቱን አትናቂው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት በቀን ሁለት ጊዜ ቆዳቸውን ማለስለሻ የተቀቡ የመንከባከቢያ ነዋሪዎች ላይ የቆዳ መላጥ በግማሽ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። በመጨረሻም ፈረቃ ሲለዋወጡ ሁለቱ ተረኞች ክንድና እግራቸውን አብረው አይተው እንዲጽፉ ጠይቂ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «በእኔ ፈረቃ አልነበረም» የሚለው አባባል ያን ቀን ትርጉም ያገኛል፤ ወይ በጽሑፍ ይረጋገጣል ወይ አይባልም።

የወንድምሽ ፍርሃት መሠረት የለውም አልልም። ግን ማንም የማይጠይቅለት አረጋዊ ነው ይበልጥ የሚጎዳው። በተለያየ ሰዓት ሂጂ፣ አንዳንዴ ቁርስ ላይ፣ አንዳንዴ ሊተኙ ሲሉ፤ ወንድምሽም የራሱ ቀን ይኑረው። የደንቡንም ነገር እወቂ። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ መሠረት ለምሳሌ፣ መንከባከቢያው ምንጩ ያልታወቀ ጉዳት ሲያገኝ ጥቃት ከተጠረጠረ ወይም የአካል ጉዳቱ ከባድ ከሆነ በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ካልሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኃላፊውና ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ፣ የምርመራውን ውጤት ደግሞ በ5 የሥራ ቀናት ማቅረብ አለበት። ምንጩ ያልታወቀ የሚያሰኘውም ያየው ሰው አለመኖሩ ብቻ አይደለም፤ የጉዳቱ ስፋት፣ ያለበት ቦታ፣ ብዛቱ ወይም በጊዜ ውስጥ መደጋገሙ የሚያጠራጥር መሆኑም ጭምር ነው። የእናትሽ ሦስተኛው ጉዳት ይህን ያሟላል። አንቺ ያለሽበት አገር ሰዓቱ ሊለያይ ይችላል፤ «የእናንተ ደንብ ምን ይላል፣ ስለዚህኛው ሪፖርት ተጽፏል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግን የትም ቦታ መብትሽ ነው።

ስብሰባ የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። ጭንቅላታቸውን ተመትተው ከሆነና ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ያንኑ ሰዓት ሆስፒታል፤ የጭንቅላት ውስጥ ደም ቀስ ብሎ ሊጠራቀም ስለሚችል ደህና መስለው ቢታዩም እንኳ። አንገት፣ ጆሮ፣ ጡት፣ ጭን ውስጥ ወይም መቀመጫ ላይ ምልክት ካየሽ፣ ሁለቱም የእጅ አንጓዎች ላይ የታሰረ የሚመስል መስመር ካየሽ፣ ወይም ከእናትሽ ጋር ብቻችሁን እንዳትሆኑ የሚከለክልሽ ሰው ካለ፣ ለመንከባከቢያው ብቻ ነግረሽ አትቀመጪ፤ ለተቆጣጣሪው አካልና ለፖሊስ አመልክቺ። ድብቅ ካሜራ አስበሽ እንደሆነ ደግሞ ሕጉን ሳታረጋግጪ አትስቀዪ፤ የክፍል ጓደኛቸውም ልብስ የሚለውጡት እዚያው ነው።

ያቺን የከሰዓት ተንከባካቢ ከስብሰባው በፊት ለብቻዋ አግኚያት። «ጥያቄ ላነሳ ነው፣ አንቺን ለመክሰስ አይደለም፣ ከሌላ ሰው ሳይሆን ከኔ እንድትሰሚው ብዬ ነው» በያት። መዝገብ በሌለበት ቤት ጥርጣሬ የሚወድቀው ብዙ በምትነካቸው፣ ብዙ በምታቅፋቸው ሰው ላይ ነው፤ ስለዚህ መዝገቡ ለእሷም ከለላ ነው። ደግሞ ማን ያውቃል፣ እናትሽ በምን ሰዓት እንደሚንገዳገዱ፣ ማን ሲያነሳቸው እንደሚጮኹ ከሁሉ በላይ የምታውቀው እሷ ትሆናለች። ጠይቂያት፣ ከዚያ ዝም ብለሽ አዳምጪያት።

ስለ ማውጣት። የመርሳት ሕመም ላለበት ሰው አዲስ ክፍል፣ አዲስ ፊት፣ የማያውቀው የመጸዳጃ በር ማለት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተጨማሪ መውደቅ ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያ እርምጃሽ አይሁን። ሐኪሙ አይቶ፣ ስብሰባው ተደርጎ፣ የተስማማችሁት ነገር በጽሑፍ ተቀምጦ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቂ። መልሳቸው አሁንም ትከሻ መነቅነቅ ከሆነ፣ ወይም አራተኛ ጉዳት አይተሽ ማንም ካላስረዳሽ፣ ያኔ ሌላ ቦታ ፈልጊ፤ ከዳኋት ብለሽም ራስሽን አትቅጪ። እዚያ ስታስገቢያቸውም አልከዳሻቸውም ነበር።

ለአሁኑ ስትሄጂ በራስ የሚጠለቀውን ሹራብ ይዘሽ ተመለሺና ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ለውጪላቸው፣ እጅጌው ሰፋ ያለ። የታመመው ክንድ መጀመሪያ ይግባ፣ ሲወልቅ ደግሞ መጨረሻ ይውጣ። ይህንኑ ለሦስቱም ፈረቃ አሳዪያቸውና ሐኪሙ ምን እንዳለ ጻፊልኝ።